ሆቢ 16 ብቻዬን ሆኜ ቢገለበጥብኝ ማቃናት እችላለሁ? (68 ኪሎ ነኝ)

ገሊላ_ነፋስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ስለ ሞርጌጅ፣ ስለ መኪናና ስለ እንጀራ ምጣድ ሲወራ ነው የማየው። በሸራ ጀልባ የሚወጣ ሰው ካለ እስቲ ብቅ በሉ።

እኔ የምወጣው እስራኤል ውስጥ ኪነሬት፣ ማለትም የገሊላ ሐይቅ ላይ ነው። ጀልባዬ ሆቢ 16 ነው፤ አሮጌ ቢሆንም ጤነኛ ነው። ለማታውቁት፣ ሁለት ቀጫጭን ቀፎዎች በመስቀለኛ ዘንግ ተያይዘው፣ መሃላቸው ትራምፖሊን ተወጥሮ፣ ሁለት ሸራ የሚሸከም ካታማራን ነው። ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ክብደቱ 145 ኪሎ፣ ምሰሶው ደግሞ 8 ሜትር ነው።

እስካሁን ከጓደኛዬ ጋር ነበር የምንወጣው። እሱ ወፈር ያለ ነው። ብንገለበጥ እንኳ ሁለታችን ማቃኛው ገመድ ላይ እንንጠለጠላለን፣ ጀልባው ወዲያው ቀጥ ይላል፣ እየሳቅን እንወጣበታለን። አሁን እሱ ለሥራ ኢላት ገባ። እኔ ደግሞ ጀልባው አሸዋ ላይ ተቀምጦ ሳየው አላስችል አለኝ። ብቻዬን ብወጣና ቢገለበጥብኝ ማቃናት እችላለሁ ወይ? ጂም ገብቼ ክንዴን ባጠነክርስ? “አትውጣ” የምትሉ ካላችሁ ምክንያቱን ጨምሩበት።

አዋሽ_ማዶ፦
እኛ እዚህ ስለ ወደብ ጉሮሯችን እስኪደርቅ እንከራከራለን፣ ለካ ልጆቻችን ሰው አገር ጀልባ ይገለብጣሉ! ቀጥል ወንድሜ፣ እኔ ለማንበብ ብቻ ነው የመጣሁት።

ኤደን_ቼሳፒክ፦
ጂሙን ተወው። የሚያቃናው ክብደት ነው። እኔ 58 ኪሎ ነኝ። ነፋስ በሌለበት፣ ያለ ምንም መሣሪያ ሆቢ 16 ብቻዬን አቃናለሁ ብል ውሸታም ነኝ። ለዚህ ጀልባ ሰዎች አዘውትረው የሚጠሩት ቁጥር 300 ፓውንድ ገደማ ነው፤ 136 ኪሎ ማለት ነው። አንተ ልክ ግማሹ ነህ። የቀረውን ግማሽ ከየት ታመጣለህ? ጥያቄው እሱ ነው።

ቁጥር_ወዳድ፦
ኤደን ያለችውን በቁጥር ላሳይ፣ ሥራዬ ነውና።

ጀልባው በጎኑ ሲተኛ አንዱ ቀፎ ውሃ ላይ ይሆናል፣ ሌላው ወደ ሰማይ ይቆማል፣ ምሰሶው ውሃው ላይ ይጋደማል። አንተ የታችኛው ቀፎ ላይ ቆመህ ገመዱን ይዘህ ወደ ኋላ ትለጠጣለህ። ሁሉ ነገር የሚዞረው በዚያ ቀፎ ዙሪያ ነው። ለምሳሌ ምሰሶው ከነሸራው 25 ኪሎ ነው እንበል። የክብደቱ መሃል ከቀፎው 4 ሜትር ይርቃል እንበል። 25 ሲባዛ በ4፣ 100 ይሆናል። አሃዱ ኪሎ በሜትር ነው (ኪሎሜትር አይደለም፣ አትሳቁ)። በአንተ በኩል ደግሞ ቀጥ ብለህ ብትለጠጥ የሰውነትህ መሃል ከእግርህ 1 ሜትር ያህል ነው የሚርቀው። 68 በ1፣ 68 ነው። 68 ለ100። ሸራው ውሃ ተሸክሞ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል።

ስለዚህ ወይ ክብደት ትጨምራለህ፣ ወይ ያለህን ክብደት ከቀፎው ታርቃለህ፣ ወይ ነፋሱ ሸራውን ከስር እንዲያነሣልህ ታደርጋለህ። ክንድህ የሚያገለግለው ገመዱን ሳይለቅ ለመቆየት ብቻ ነው።

ጋሽ_መልሕቅ፦
ልጄ ገሊላ፣ ጥያቄህን ሳነብ ደስ አለኝ። እኔ ሸራ የተማርኩት ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ሳለሁ ነው። አሁን ሳንዲየጎ ነኝ። ይህ ያንተ ጀልባ የዚህ ሰፈር ልጅ ነው። ሆቢ ኦልተር የሚባል የሰርፍ ሰሌዳ ሠሪ እዚሁ ደቡብ ካሊፎርኒያ ነው የፈጠረው። ከ100 ሺህ በላይ ተሠርቷል። ስለዚህ ተገልብጦ ማየት እዚህ ብርቅ አይደለም።

ከሁሉ በፊት ከጀልባው አትለይ። ስትወድቅ ያገኘኸውን ገመድ ጨብጥ። ካታማራን በጎኑ ሲተኛ ትራምፖሊኑ ራሱ ሸራ ይሆንለታል። ነፋሱ እየገፋው ይሄዳል፣ ዋናተኛ አይደርስበትም። ሁለት ስትሆኑ አንዳችሁ ጀልባው ጋ ትቀራላችሁ። ብቻህን ስትሆን ግን ጀልባው ሄደ ማለት ሄደ ነው።

ከዚያ ገመዶቹን ፍታ። የዋናውን ሸራም፣ የፊቱንም፣ የትራቨለሩንም (የዋናው ሸራ ገመድ ግራና ቀኝ የሚንሸራተትበትን)። ሁሉም ከመቆለፊያቸው ወጥተው ልል ይሁኑ። ይህን የዘለለ ሰው ሁለት ጊዜ ይቀጣል። መጀመሪያ ሸራው ውሃ ቋጥሮ አልነሣ ይለዋል። ቢነሣለት ደግሞ ወዲያው ነፋስ ሞልቶት ወይ ጥሎት ይሄዳል፣ ወይ በሌላ ጎኑ ይደፋል።

ቀጥሎ የጀልባውን አፍንጫ፣ ማለትም ፊቱን፣ ወደ ነፋስ ማዞር ነው። በዋና አይሞከርም። በታችኛው ቀፎ ላይ ቀስ እያልክ ወደ ፊት ሂድ። አፍንጫው በክብደትህ ጠለቅ ይልና ውሃውን ይይዛል። ኋላው ስለሚቀል ነፋሱ ገፍቶ ያዞረዋል። ጊዜ ይወስዳል፣ ጠብቀው።

አሁን ማቃኛውን ገመድ በላይኛው ቀፎ ላይ አሳልፈህ ወደ ራስህ አምጣ። ወፍራም ገመድ ይሁን፣ በየስንዝሩ ቋጠሮ ይኑረው። እርጥብ እጅ በቀጭን ገመድ ላይ ይሸሻል፣ መዳፍህንም ይልጠዋል። ትራፒዝ ላይ፣ ማለትም ከምሰሶው በሚወርደው ሽቦ ላይ፣ ለመንጠልጠል የምትታጠቀው ሃርነስ ካለህ ገመዱ ላይ ቀለበት ሠርተህ መንጠቆህን አስገባበት። ያኔ ክብደትህን የሚይዘው ወገብህ ነው፣ ክንድህ አይዝልም። ግን ባንዴ መላቀቅ መቻልህን መሬት ላይ ሆነህ አረጋግጥ።

እግርህን ቀፎው ላይ ትከል፣ ጉልበትህን ዘርጋ፣ ወገብህን ሳትሰብር ወደ ኋላ ተኛ። ጀርባህ ውሃውን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ትክክለኛው ቦታ ላይ ነህ። ውሃ ውስጥ ከገባህ ግን ክብደትህን ውሃው ወሰደብህ ማለት ነው። ያኔ ብትንጠለጠልም ባትንጠለጠልም ያው ነው።

ሰው ሁሉ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። አትጎትት፣ ተንጠልጠል። መጀመሪያ ምንም የማይሆን ይመስላል። ከዚያ የምሰሶው ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ከውሃው ከፍ ይልና ባለበት ይቆማል። ሸራው ሆድ ውስጥ የተኛው ውሃ በጠርዙ እየተንዠቀዠቀ ሲወርድ ትሰማዋለህ። እሱ እስኪያልቅ ባለህበት ቆይ። ውሃው በወረደ ቁጥር ምሰሶው እየቀለለ ይመጣል። በዚህ መሃል ጠንከር ያለ ነፋስ ሲመጣ ሸራው ስር ይገባና የቀረውን እሱ ይጨርስልሃል።

መጨረሻው ግን ፈጣን ነው። የላይኛው ቀፎ ወዳንተ ነው የሚወርደው። ጭንቅላትህን ጠብቅ፣ በሁለቱ ቀፎዎች መሃል ሁንና ከፊት መስቀለኛው ስር ያለውን ብረት እቀፍ። እዚያ ስትንጠለጠል ሰውነትህ ውሃ ውስጥ እየተጎተተ አፍንጫውን ነፋስ ላይ ያቆመዋል። ትንፋሽህን ሰብስበህ ከዚያ ውጣ።

ገሊላ_ነፋስ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ አንጀት አርስ መልስ ነው። አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። “አፍንጫውን ወደ ነፋስ” የሚል አለ፣ “ምሰሶውን ወደ ነፋስ” የሚልም ሰምቻለሁ። የቱ ነው? ደግሞስ ሸራውን እዚያው አውርጄ ምሰሶውን ብቻ ባነሣ አይቀለኝም?

ሻማል_ዱባይ፦
ከሁለተኛው ልጀምር። በሆቢ 16 አይሆንም። የዋናው ሸራ መስቀያ ገመድ ምሰሶው ጫፍ ላይ ባለ መንጠቆ ነው የሚቆለፈው። ጀልባው ተኝቶ ሳለ እሱን ማላቀቅ ዘበት ነው። ይልቅ የዋናውን ሸራ ገመድ ከቡሙ ላይ ፍታው፣ ቡም ማለት ያ ከሸራው ግርጌ ያለው አግድም ዘንግ ነው። ሸራው እንደ ልቡ ይወዛወዛል፣ ውሃም አይቋጥርም።

ወደ ነፋሱ ስንመጣ ለቀላል ሰው መልሱ የሁለቱ መሃል ነው። አፍንጫው ነፋሱን ፊት ለፊት ከገጠመ ሸራው ይርገበገባል እንጂ አያነሣህም። የምሰሶው ጫፍ ትንሽ ወደ ነፋሱ ካዘነበለ ግን ገና ከውሃው ሲላቀቅ ነፋሱ ስሩ ይገባል። ሙሉ በሙሉ ወደ ነፋስ ከጠቆመ ደግሞ ጀልባው በኃይል ይነሣና በወዲያኛው ጎኑ ይደፋል፣ ሥራህን ከዜሮ ትጀምራለህ። ከሁሉ የሚከፋው ምሰሶው ነፋሱ ወደሚሄድበት ሲጠቁም ነው። ያኔ ነፋሱ ትራምፖሊኑን እየገፋ ምሰሶውን ወደ ታች ይጭነዋል። እንደዚያ ሆኖ እያለ ገመድ ላይ መታገል ጉልበት ማባከን ነው። መጀመሪያ አዙረው።

ጋሽ_መልሕቅ፦
ሻማል፣ ለረጋ ውሃ እስማማለሁ። ማዕበል ሲኖር ግን አልስማማም። ብቻውን ላለ ሰው ሁለተኛ መገልበጥ ከመጀመሪያው ይከፋል፣ ምክንያቱም ደክሟል። አፍንጫው ወደ ነፋስ ይሁንና የጎደለውን በክብደት ይሙላው። ቀስ ብሎ የሚነሣ ጀልባ ይሻለኛል።

ሻማል_ዱባይ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ስንት ኪሎ ነዎት? 😄

ጋሽ_መልሕቅ፦
ዘጠና። ሐኪሜ ደስተኛ አይደለም፣ ጀልባዬ ደስተኛ ናት።

እትዬ_አሽዶድ፦
እኔ ጀልባ አላውቅም። ነርስ ነኝ፣ እናትም ነኝ። ምክንያቱን ጨምሩበት አልክ፣ ልጨምር።

ሰው ውሃ ውስጥ ሲቆይ ሙቀቱን ያጣል። መጀመሪያ የሚከዳው እጁ ነው። ጣት አልታዘዝ ይላል፣ ቋጠሮ መፍታት ያቅታል። በመጀመሪያው ሙከራ ያልተነሣ ጀልባ በኋላ የሚነሣው በደከመ ክንድና በደነዘዘ ጣት ነው። ያ ቡም የምትሉት ነገር ጭንቅላትህን ቢመታህስ? ማን ያይሃል? ላይፍ ጃኬቱን ስትወጣ ነው የምትለብሰው፣ ስትገለበጥ አይደለም። ስልኩ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ሰውነትህ ላይ ይታሰር። ጀልባው ላይ ያለ ስልክ ከጀልባው ጋር ነው የሚሄደው። 100 ፖሊስ ነው፣ 101 አምቡላንስ። ባሕር ዳር ላለ ሰው የምትመለስበትን ሰዓት ንገረው። ሰዓቱ ካለፈ እንዲደውል እንጂ “ይመጣ ይሆናል” እያለ ቡና እንዲያፈላ አይደለም።

ገሊላ_ነፋስ፦
እትዬ፣ ከእናቴ የሚለዩት ምክንያት በመስጠትዎ ብቻ ነው። ፊሽካውንም ጨምሬ እይዛለሁ።

ኤደን_ቼሳፒክ፦
የጎደለውን ክብደት እናምጣ እንግዲህ።

የውሃ ከረጢት የሚባል አለ። ከጠንካራ ሸራ የሚሰፋ፣ አፉ ሰፊ፣ ማንገቻው ጠንካራ የሆነ። ባዶውን ተጣጥፎ ትራምፖሊኑ ላይ ባለው ኪስ ይገባል። ስትገለበጥ ከባሕሩ ትሞላዋለህ። 60 ሊትር ከያዘ 60 ኪሎ ሰው ቀጠርክ ማለት ነው፣ ምሳ አይጠይቅህም። ግን ልብ በል፣ ውሃ ውስጥ ያለ ውሃ አይመዝንም። ከረጢቱ ከውሃው በላይ መንጠልጠል አለበት። አንዳንዱ ትከሻው ላይ ያነግተዋል። የሚወዛወዝ ቀፎ ላይ 60 ኪሎ አንግቶ መቆም ለእኔ አይሆንም፣ ወገቤን እፈልገዋለሁ። ስለዚህ ፑሊ ይሻላል። ማቃኛ ገመዱ ላይ አያይዘህ ከረጢቱን ከውሃው በላይ ትስበዋለህ፣ ትቆልፈዋለህ፣ ከዚያ አንተም አጠገቡ ትለጠጣለህ። ካልቻልክ በግማሽ ሙላው። ጀልባው ሲነሣ ከረጢቱ ተመልሶ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ያኔ ማንንም አያስቸግርም።

የማቃኛ ምርኩዝም አለ። ምሰሶው እግር አካባቢ የሚደገፍ ጠንካራ ዘንግ ነው። ገመዱ በጫፉ ላይ ስለሚያልፍ ክብደትህ ከቀፎው ርቆ ይሠራል። ቁጥር_ወዳድ “ማራቅ” ያለው እሱን ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ሁልጊዜ ይዘኸው የምትዞረው አንድ ተጨማሪ ዕቃ ነው።

ቁጥር_ወዳድ፦
68 ሲደመር 60፣ 128። 100ን አለፍን። ኤደን፣ ለሥራ ማመልከት ከፈለግሽ ንገሪኝ።

ኤደን_ቼሳፒክ፦
ገና አልጨረስኩም። ይሄ ሁሉ የምናወራው በጎኑ ስለተኛ ጀልባ ነው። ምሰሶው ቁልቁል ከዞረስ? ያ ሌላ ጨዋታ ነው።

እኔ ያለሁበት ቼሳፒክ ወሽመጥ አማካይ ጥልቀቱ 6 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ምሰሶው 8 ሜትር። ሒሳቡን አንተ ሥራው። የወሽመጡ ወለል ጭቃ ነው። ጀልባው ሙሉ በሙሉ ከዞረ ምሰሶው እዚያ ጭቃ ውስጥ ይሰካል። ነፋሱ ቀፎዎቹን ሲገፋ ምሰሶው እንደ መቀርቀሪያ ይይዛቸዋል፣ ወይ ይጎብጣል። እንደዚያ ከሆነ ብቻህን ገመድ ላይ መንጠልጠል ምሰሶ ማጉበጥ ነው። የሞተር ጀልባ መጥራት ይሻላል። እነሱም ሲመጡ ቀስ ብለው፣ ምሰሶው በገባበት አቅጣጫ እንዲስቡት ንገራቸው። የሚረዳህ ሰው ችኮላ አያድርስህ።

ጥልቅ ውሃ ላይ ሙሉ በሙሉ ከዞረ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ጎኑ መመለስ አለበት። ከአንዱ ቀፎ ኋላ ላይ ቆመህ ጥጉን ታሰምጠዋለህ፣ ገመዱን በወዲያኛው ቀፎ ዙሪያ አምጥተህ ትለጠጣለህ። በጣም በዝግታ ነው የሚመጣው። ለቀላል ሰው ላይመጣም ይችላል።

ስለዚህ ከከረጢቱ በፊት የምሰሶ ጫፍ ላይ የሚታሰር ተንሳፋፊ ግዛ። ትልቅ፣ የተነፋ ነገር ነው። አያምርም፣ አውቃለሁ። የእሽቅድድም ሰዎች ይስቁብሃል። እነሱ ግን ሁልጊዜ ከጎናቸው የሚከተላቸው የነፍስ አድን ጀልባ አላቸው። ምሰሶው እንዳይሰምጥ ካደረግህ ችግርህ በግማሽ አነሰ። ያው በጎኑ ተኝቶ ሲንሳፈፍ ነፋሱ በፍጥነት እንደሚወስደው አትርሳ፣ ጋሼ ያሉት “አትለይ” እዚህ ላይ የባሰ ይሠራል።

ዓይን_ጌቭ፦
ለገሊላ እንደ ጎረቤት ልናገር። ኪነሬትን የምታውቀው ከሰው ጋር ከሆነ ብቻህን ስትሆን ሌላ ሐይቅ ነው።

በበጋ ጠዋት ላይ መስታወት ነው። ከቀትር በኋላ የምዕራቡ ነፋስ ከሜድትራኒያን ይመጣና ከኮረብቶቹ ላይ ቁልቁል ይወርዳል። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በታች 210 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነው፣ ነፋሱ እንደ ተለቀቀ ነው የሚደርስብህ። ማዕበሉ ወደ እኛ ወደ ምሥራቁ ዳርቻ እየቆለለ ይመጣል። ያኔ ብትገለበጥ የምትደርሰው እኛ ጋ ነው። እንኳን ደህና መጣህ፣ ግን ድንጋይ አለው። በክረምት ሻርኪያ፣ የምሥራቁ ነፋስ፣ ሲነሣ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ወደ ጥብርያዶስ ግንብ ይገፋሃል። የነፋስ ትንበያውን ብቻ አይደለም የምታየው፣ ወዴት እንደሚጥልህም አስብ።

ሻማል_ዱባይ፦
ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ያንተ ሐይቅ ቢገፋህም ዳርቻ ያደርስሃል፣ ስፋቱ 13 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። እዚህ ነፋሱ ከመሬት ወደ ባሕር ሲሆን እኔ ብቻዬን አልወጣም። ቢገለበጥ የሚቀጥለው ወገን ኢራን ነው።

ገሊላ_ነፋስ፦
😂 እሺ፣ ልምምዱን መቼ ላድርገው? ጠዋት ሲረጋ ጥሩ አይደል?

ኤደን_ቼሳፒክ፦
ጥሩ ነው፣ ግን እወቀው፣ ነፋስ በሌለበት ማቃናት ከሁሉ ይከብዳል። የሚያግዝህ የለም። ለዚህም ነው እዚያ መለማመድ የምወደው። በረጋ ውሃ በከረጢትህ ካቃናኸው፣ በነፋስ ጊዜ የሚቀርህ ማዞሩና መረጋጋቱ ነው። በረጋ ውሃ ካልተነሣ ደግሞ መልስህን አገኘህ፤ ማንም ሳይጎዳ። ምሰሶው ወለል እንዳይነካ ጥልቅ ወዳለበት ውጣ። ካያክ የያዘ ሰው አጠገብህ ይቁም፤ እጁን አስሮ። አይረዳህም፣ ይመለከትሃል።

ሌላም ልበል፣ አትቀየመኝ። ሆቢ 16 ለብቻ ሰው የታሰበ ጀልባ አይደለም። አፍንጫዎቹ ቀጭን ናቸው። ከኋላ በሚመጣ ጠንካራ ነፋስ የታችኛው አፍንጫ ይጠልቅና ጀልባው በፊቱ ይደፋል። ብቻህን ስትሆን ወደ ኋላ ተቀምጦ የሚመዝንልህ ሁለተኛ ሰው የለም። እኔ ለብቻዬ ስወጣ ሆቢ ዌቭ ነው የምይዘው። 4 ሜትር አይሞላም፣ 111 ኪሎ ነው፣ አንድ ሸራ ብቻ፣ ምሰሶው ጫፍ ላይ ተንሳፋፊ አለው። ፍጥነቱ ያንተን አያክልም። ግን ገመዱን ይዤ ስለጠጥ ይነሣልኛል፣ በቃ።

ሻማል_ዱባይ፦
ኤደን፣ ዌቭ ለጀልባ አከራዮች ነው 😏 አንድ ጊዜ ሆቢ 16 በአንድ ቀፎ የበረረ ሰው ወደዚያ አይመለስም።

ኤደን_ቼሳፒክ፦
በረህ የምታርፈው በሰው እርዳታ ከሆነ ምኑ ላይ ነው ጀብዱው? እኔ ቤቴ የምገባው በራሴ ነው።

አዋሽ_ማዶ፦
ፖፕኮርን ያለው? ሻማል ዛሬ አልቀናህም።

ላንጋኖ_ዳር፦
እዚህም ከሰዓት በኋላ ያለው ነፋስ ቀላል አይደለም። እንደናንተ ያለ ጀልባ አምጥተን ብናወርድስ? ከምሬ ነው። ቢገለበጥ ያው ሐይቅ ነው አይደል?

ጋሽ_መልሕቅ፦
ልጄ፣ ነፋሱ አይጠረጠርም። ግን ከካታማራኑ በፊት የሚያወጣችሁን የሞተር ጀልባና የሚነዳውን ሰው አዘጋጁ። ላይፍ ጃኬትም በሰው ልክ። ያ ሲኖር ጻፍልኝ፣ ስለ ጀልባው በሰፊው እናወራለን።

ገሊላ_ነፋስ፦
የወሰንኩትን ልንገራችሁ። ጀልባውን አልቀይርም፣ ኤደን ይቅርታ። ተንሳፋፊውን አዝዣለሁ። ከረጢቱን የሸራ ልብስ የሚሰፋ ሰው እየሰፋልኝ ነው። ገመዱን በወፍራም ቀይሬ ቋጠሮ ሠርቼበታለሁ። በረጋ ጠዋት፣ ካያክ የያዘች እህቴ ባለችበት እሞክራለሁ። ካልተነሣ ብቻዬን አልወጣም፣ የሚወጣ ሰው እፈልጋለሁ። ከዚያ በፊት ላየው የሚገባኝ ነገር ቀረ?

ጋሽ_መልሕቅ፦
ምሰሶው። ማንም ያላነሣው እሱን ነው።

የሆቢ ምሰሶ ውስጡ ባዶ ሆኖ የታሸገ ነው። አየሩ ነው የሚያንሳፍፈው። አሮጌ ሲሆን በሪቬቶቹና በግርጌው መዝጊያ በኩል ውሃ ያስገባል። ውሃ የገባበት ምሰሶ ይሰምጣል። ከሰመጠ በኋላ ያ ሁሉ ከረጢት የሚያነሣው ምሰሶውን ብቻ አይደለም፣ ውስጡ ያለውንም ውሃ ነው። የቁጥር_ወዳድን 25 ኪሎ እርሳው።

ምሰሶውን አውርደህ አንዱን ጫፍ ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ እያደረግህ ጆሮህን አስጠጋ። ከዚያ ውሃ ውስጥ አጋድመው፣ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ምልክት አድርግበት። ስታወርድና ስትሰቅል ደግሞ ቀና ብለህ የኤሌክትሪክ ሽቦ መኖር አለመኖሩን እይ። ከ1980ዎቹ ወዲህ የዚህን ጀልባ ምሰሶ ላይኛ ክፍል ከፋይበርግላስ የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ሰው ስለሞተ ነው። ያንተ አሮጌ ስለሆነ ሙሉ አልሙኒየም ሊሆን ይችላል።

ገሊላ_ነፋስ፦
ጋሼ! አሁን አውርጄ አጋደልኩት። በግርጌው በኩል ውሃ ወጣ፤ ጥቂት አይደለም። ሪቬቶቹ ደህና ይመስላሉ፣ የግርጌው መዝጊያ ዙሪያ ግን ማሸጊያው ተሰነጣጥቋል። ተራ የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ይይዘዋል?

ጋሽ_መልሕቅ፦
ለጀልባ የሚሆነውን ግዛ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ፀሐይና መወዛወዝ አይችልም። አሮጌውን ማሸጊያ ሙሉ በሙሉ ፋቀው፣ በአልኮል ጥረገው፣ ውስጡ እስኪደርቅ ዝቅ ያለውን ጫፍ ክፍት አድርገህ ተወው። ካሸግከው በኋላ ማሸጊያው ቱቦ ላይ የተጻፈውን የመድረቂያ ሰዓት ጠብቅና መልሰህ ውሃ ውስጥ አጋድመው። አረፋ ከሌለ ስቀለው።

ገሊላ_ነፋስ፦
እሺ ጋሼ፣ ነገ ገዝቼ ፎቶ እልክልዎታለሁ።